እጅ ያልነካው ስንደዶ

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነበረ።

ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም፣ ወርቅያንጥፉ ልጄ። «እምዬ፣ ልጄን ከፀሐይ ከብርዱ፣ ከሰው ዓይን ከሰው አፍ እየጠበቅኋት ለምን ትጠወልግብኛለች?» ነው ያልሽኝ። ሰምቼሻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። ግን እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ነገርን በነገር ካልሆነ መመለስ አላውቅበትም። ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሰውየው ፈንቴ ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው አያ ፈንቴ ይለዋል። ደህና ገበሬ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ክፋት የለበትም። ሚስቱ ደግሞ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ሳቋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ስፌት ትሰፋለች። ከጓሯቸው፣ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ፣ ስንደዶ ተክላ ነበር። ስንደዶን ታውቂው የለ? ያ ራሱ እንደ ቀበሮ ጅራት የሚለሰልሰው፣ አገዳው ለስፌት የሚሆነው ሣር ነው። ሌላው ሴት ከሜዳ ለቅሞ ያመጣል፤ እሷ ግን ከወንዝ ዳር ከነሥሩ አምጥታ እግር በእግር አሰልፋ ተከለችው። ክረምቱ ሲወጣ ራሱ ነጥቶ ሲወዛወዝ፣ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ሸክሙን እንደተሸከመ ቆም ብሎ ያየው ነበር።

ወጉን ልንገርሽ፤ ወጉን ካላወቅሽ ነገሩ አይገባሽም። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ሴቶች ይሰበሰቡና ስንደዶውን አብረው ይመዛሉ። ያኔ ማጭድ አይገባበትም። አገዳው በጣት ተይዞ፣ ከአፎቱ እንደሚወጣ ጎራዴ ቀስ ብሎ ይመዘዛል። ተመዞ ሲያልቅ ጥጃ ይለቀቅበትና ቅጠሉን ይግጠዋል። በጋው ሊያልፍ ሲል ደግሞ የቀረውን ድርቆሽ ባለቤቲቱ እስከ ምድር ታጭደዋለች። ሣሩ ራሰ በራ ሆኖ ዝናቡን ይጠብቃል። የማያውቅ ሰው ቢያየው፣ ወይ ጉድ፣ ጨረሱት እኮ ይላል።

እንግዲህ ያቺ ሴት በሐምሌ ታመመች፤ ከነሐሴ አላለፈችም። ባሏን፣ አንዲት ሴት ልጇንና ከወገቡ ያልዘለለ ጅምር መሶብ ትታ ሄደች። መሶቡን ለልጇ ሠርግ ብላ ነበር የጀመረችው።

መስከረም ጠባ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። አያ ፈንቴ የጓሮውን በር ይዞ ቆሟል።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«ምን እንፈልጋለን፣ ስንደዶ ልንመዝ ነዋ» አለችው ከሟች ጋር ስፌት ስትሰፋ የኖረች አንዲት ባልቴት።

«አይነካም። የእሷ እጅ ያረፈበት ነው፤ በእጇ ላይ ሌላ እጅ አላሳርፍም።»

ሴቶቹ ተያዩ። ሐዘኑ ነው ብለው ሊመለሱ ሲሉ፣ ባልቴቷ ምላሷ አያርፍምና፣ «ሣሩን ልታገባው ነው እንዴ አያ ፈንቴ? እንግዲያው ሽማግሌ ላክበት!» አለችው። አንዳንዶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ቀጋና አጋም ቆርጦ ዙሪያውን አጠረው።

ከዚያ ወዲያ ጥጃ አያስገባም፣ ማጭድ አያስነካም። በበጋ ከምንጭ ውኃ እየቀዳ ያጠጣዋል። ከበረቱ ፍግ እየዛቀ ከሥሩ ያለብሰዋል። ማታ ከእርሻ ሲገባ፣ በሬዎቹን ፈትቶ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ነፋስ ሲነካው ሽው ይላል፤ ለአያ ፈንቴ የሚስቱ ቀሚስ ጠርዝ ነው። «ጤፉ ዘንድሮ ደህና ነው» ይለዋል። «ጊደሯ ወለደች» ይለዋል። አትሳቂበት፣ ልጄ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ዓመት ሣሩ ጉድ ሆነ! የሰው ቁመት ደረሰ። አያ ፈንቴ ለሚያልፍ ለሚያገድመው፣ «አያችሁ? እጅ ሳይነካው እንዴት እንዳማረ!» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ በዛና አገዳው ሳሳ፤ ወገቡን መሸከም አቅቶት ወደ ጎን ተኛ። ፍግ አንሶት ነው ብሎ ጨመረለት። በሦስተኛው ዓመት ነጭ ራስ ያወጣው እዚህም እዚያም፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነው።

ልጅቱ በዚህ መሀል አደገች፤ ታጨች። ሠርጉ ለከርሞ ጥር ተቆረጠ። አንድ ቀን የእናቷን ጅምር መሶብ ከተሰቀለበት አውርዳ አቧራውን አራገፈችና ወደ አባቷ መጣች።

«አባ፣ ጥቂት አገዳ ልምዘዝ። እማ የጀመረችውን ልጨርሰው።»

«ከገበያ ግዢ።»

«የእናቴን መሶብ በገበያ ስንደዶ?»

«ስንደዶ ስንደዶ ነው።»

«እንግዲያው ይኼን ለምን ታጥረዋለህ?»

መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ይቆጣል፤ ተቆጣ። ልጅቱ መሶቡን ቦታው ላይ ሰቀለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራቱን አቅርባለት ትወጣለች እንጂ አብራው አትቀመጥም። አያ ፈንቴ ብቻውን እየጎረሰ ያስባል። ሣሩን ቢሰጣት ሚስቱን ዳግመኛ የቀበራት ይመስለዋል። ባይሰጣት ልጁ ቂሟን ይዛ ባል ቤት ትገባለች፤ እንዲህ ሆና የሄደች ልጅ ደግሞ ለዓመት በዓል እንኳ ዞራ ላታይ ትችላለች። ሁለቱንም ያውቃል። አውቆም አጥሩን አልከፈተም።

መጋቢት ገባ። መኖ አለቀ፣ ከብቱ ሁሉ አጥንቱ ወጣ። አንድ ቀን በቀትር አያ ፈንቴ ጥላ ሥር ጋደም እንዳለ አጥሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ሮጦ ቢደርስ የጎረቤቱ በሬ እሾሁን ጥሶ ገብቷል። የስንደዶውን እኩሌታ እስከ ምድር ግጦታል፤ እዚያው ከጋጠው የተረፈውን ድርቆሽ በኮቴው እያደቀቀ ነው። አያ ፈንቴ ዱላ አንሥቶ ደበደበው። በሬው ደግሞ እያኘከ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጠገበ እንግዳ ወጣ።

ጎረቤትየው ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። «ምነው አያ ፈንቴ? ሁዳዴ ነው ብሎ ይጹምልህ? የበላውም እንደሁ ሣር ነው፤ ጾም አልገደፈ!»

«ሚስቴን ነው የበላብኝ!» አለ አያ ፈንቴ።

ጎረቤትየው ሊስቅ የከፈተውን አፍ ዘጋው። ሳይለመን አጥሩን መልሶ ጠገነና በሬውን እየነዳ ሄደ። አያ ፈንቴ ግን ያንን የተጋጠ መሬት ማየት አልቻለም። ሊያጠጣውም፣ ሊያዋራውም አልሄደ፤ ፊቱን አዞረበት።

ዝናቡ ጣለ። ሐምሌ ላይ፣ የጎርፍ መሄጃ ሊከፍት ዶማ ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሳያስበው ዓይኑ ወደ አጥሩ ሄደ። ያ በሬው የጋጠው ጎን አረንጓዴ ሆኗል፤ ከየሣሩ እግር መሀል ለጋ ቡቃያ ተጠቅጥቆ ወጥቷል። ደግሞ ወደዚያኛው፣ በሬው ወዳልነካው፣ ለዓመታት ውኃውንም ፍጉንም ወዳልተነፈገው ጎን ዞረ። ግራጫ ነው። ዝናብ እየወረደበት እንኳ ግራጫ ነው። ተንበርክኮ እጁን ከአንዱ የሣር እግር መሀል ከተተ። ውስጡ እንደ አሮጌ ጣራ ክዳን ተፈረፈረበት፤ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። በዙሪያው፣ ከዳር ብቻ፣ ጥቂት አረንጓዴ ክር ቀርቷል። የየዓመቱ ድርቆሽ በላዩ ተከምሮ ልቡን አንቆታል።

ዝናቡ እየመታው የተፈረፈረውን ዘግኖ አወጣ። «እኔ ነኝ» አለ። የሰማው ሰው የለም።

ከዚያ ተነሣና አጥሩን በባዶ እጁ ይነቅለው ጀመር። ቀጋው መዳፉን ቀደደው። ልጁ ድምፁን ሰምታ ብትወጣ አባቷ በደምና በጭቃ ተለውሷል።

«አባ! ምን ሆነሃል?»

«ማጭድ አምጪ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«አምጪ ልጄ። እናትሽን አፍኛታለሁ።»

ግራጫውን ሁሉ አብረው አጨዱት። የሞተውን ልብ በዶማ እየቆፈሩ አወጡ፤ ከዳር የተረፈውን ሕይወት ያለውን ከነሥሩ እየገመሱ፣ ለየብቻው ከፍግ ነጻ በሆነ መሬት ተከሉት። ባልቴቷ በመንገድ ስታልፍ አየቻቸውና፣ «ምነው፣ ፈታሃት እንዴ?» አለች። ኋላ የተቀደደ መዳፉን አይታ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ጭቃው ውስጥ ገባችና ትገምስ ጀመር።

መስከረም ሲጠባ ልኮ ሴቶቹን አስጠራ። በሬው የጋጠው ጎን ነጭ ራሱን አውጥቶ ይወዛወዛል። መምዘዝ ጀመሩ። አያ ፈንቴ መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ አንድ አገዳ በተመዘዘ ቁጥር ከገላው የሚወጣ ይመስለዋል። ልጁ መጥታ እጁን ያዘችና አንዱን የስንደዶ እግር አሳየችው። ሞከረ። የመጀመሪያውን ሰበረው፤ ሁለተኛውንም ሰበረው።

«ይኼ ሰውዬ ይተወን፣ ከበሬው እሱ ባሰ!» አለች ባልቴቷ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ልጁ አባቷ ሲስቅ ካየች ብዙ ጊዜዋ ነበር። የዚያን ቀን ማታ ራቱን አቅርባ አልወጣችም፤ ከገበታው ተቀመጠች።

ልዋሽሽ አልችልም፤ ሁሉም አልዳነም። በሐምሌ ገምሰው ከተከሉት ብዙው ቀረ። ለመሶቡ አካል አገዳው በቃ፤ ለክዳኑ ግን አነሰና ባልቴቷ ከሜዳ ከለቀመችው ጨመረችላት። የሜዳው ስንደዶ ቀላ ይላል። ስለዚህ መሶቡ ነጣ ያለ፣ ክዳኑ ቀላ ያለ ሆኖ በጥር ከሙሽራዪቱ ጋር ሄደ። የአማቶቿ ሰፈር ሰው፣ ምነው መልኩ ተለያየ ብሎ አምቷት ይሆናል። እሷ ምን ገዷት!

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ወርቅያንጥፉ።

ያቺ ሣር ልጅሽ ናት። ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ ክፋት የለበትም ብዬሻለሁ። ልጅሽ በሕፃንነቷ ታማ፣ አንቺ ደረቷ ላይ ጆሮሽን ጥለሽ ስታነጊ እኔም ከጎንሽ ነበርኩ፤ የፈራሽውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ያ ቀን ግን አለፈ። አንቺ ዛሬም እዚያው ቀን በር ላይ ቆመሽ ነው የምትጠብቂያት። ውኃ አትቅጂ፣ ከእኩዮችሽ አትዋዪ፣ ለቅሶ ቤት አትግቢ፣ ሰው አይናገርሽ፣ ሥራ አይንካሽ። ፍቅር አላጎደልሽባትም፤ ውኃውም ፍጉም ተርፏታል። የሚጎትታት እጅ ነው ያጣችው። ጓደኛ ካልጎተታት፣ ሥራ ካላደከማት፣ ሰድበዋት መልስ ካልፈለገች፣ የትናንቷ ልጅ በዛሬዋ ላይ ተከምራ ልቧን ታንቃታለች። መጠውለግ ያልሽው ይኼ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። ለአያ ፈንቴ አጥሩን የሰበረለት በሬ ነው፤ ዕድል ሆኖ ደግ ነገር ወጣለት። በሬ ግን መርጦ አይበላም፣ ልጄ። ሌላ ጊዜ ከነሥሩ ነቅሎት ይሄድ ነበር። የዘጋሽውን በር አንድ ቀን አንድ ነገር ይሰብረዋል፤ ጉርምስናዋ ይሁን፣ የማናውቀው ሰው ይሁን፣ አላውቅም። ማንም ሳይሰብረው አንቺው በገዛ እጅሽ ክፈቺው።

ነገ ጠዋት የጎረቤት ልጆች ወደ ምንጭ ሲወርዱ በደጅሽ ያልፋሉ። እንስራውን አንቺው አሸክሚያት። ተሰናክላ ብትሰብረው እንስራ ነው፤ ከኔ ቤት ሌላ ትወስዳለች።