የእማማ ጥሩወርቅ ክንድ

ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ይህ ወሬ አንዱ በአንዱ የተንጠለጠለ ነውና መሃሉን የጣለ ጫፉን አያገኘውም።

በቡሬ ከተማ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ይሄነው ልብስ ሰፊ ነው። የባሏ እናት እማማ ጥሩወርቅም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ የምታጥባቸውም የምታጎርሳቸውም ስንዱ ናት። በዚያ ክረምት እማማን ድካም ያዛቸው። ከአልጋ እስከ በር ለመሄድ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየቻቸውና፣ "ከክንዳቸው ደም ይቀዳና በላቦራቶሪ ይታይ" አለች። ስንዱ የፈለገችው ይህችኑ ብቻ ነበር፤ እማማ ክንዳቸውን እንዲሰጡ።

እማማ ግን አሻፈረኝ አሉ። የይሄነው እህት ማስተዋል በዚያው ሰሞን ከባሕር ዳር መጥታ ነበር፤ ጣት ወግቶ ስኳር የሚለካ መሣሪያ ይዛ። ጠብ የምትል ደም፣ ብልጭ የሚል ቁጥር፣ በቃ። "እማዬ፣ ስኳርሽ ደህና ነው" አለች። እማማም ለመጣ ለሄደው ሁሉ የተወጋች ጣታቸውን እያሳዩ፣ "ወንድ ልጄ እኮ እሷ ናት" ይሉ ጀመር። ስንዱ ይህን በሰማች ቁጥር ያቃጥላታል። እግር ያጠበ ተረስቶ ጣት የወጋ ተመሰገነ።

"እማማ፣ መሣሪያው የሚያየው ስኳር ብቻ ነው። ነርሷ ያለችው ሌላ ነው" አለቻቸው።

"ማስተዋል ለክታኛለች። እሷ ሂጂ ካላለችኝ ክንዴን ለማንም አልሰጥም።"

ስንዱ ሳትወድ በግዷ ወደ ማስተዋል ሄደች። "እማማ ክንዳቸውን አይሰጡም፣ አንቺ ካልመከርሽ። ምከሪልኝ።"

ማስተዋል ፊቷን አዞረች። "ከመጣሁ ወንድሜ አላናገረኝም። እሱ ራሱ ካልለመነኝ በዚህ ቤት ምን አግብቶኝ እመክራለሁ?"

ስንዱ ወደ ባሏ ሄደች። "እማማ ክንዳቸውን አይሰጡም፣ ማስተዋል ካልመከረች፤ ማስተዋል አትመክርም፣ አንተ ካልለመንክ። በል ለምናት።"

ይሄነው እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሳም። "ወንድ ልጄ እሷ ናት እየተባለ? እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ጋሼ ተሰማ መጥተው ካላስታረቁን አልለምናትም።"

ስንዱ አየችው። ለካ እሷን ብቻ አልነበረም ያቃጠላት።

ጋሼ ተሰማ የእማማ ወንድም ናቸው፤ ቤታቸው ከገበያው ማዶ ነው። ስንዱ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ደረሰች። "ጋሼ፣ እማማ ክንዳቸውን አይሰጡም፣ ማስተዋል ካልመከረች፤ ማስተዋል አትመክርም፣ ይሄነው ካልለመነ፤ ይሄነው አይለምንም፣ እርስዎ ካላስታረቁ። እባክዎ ይምጡልን።"

"አልመጣም" አሉ ጋሼ ተሰማ። "ባለፈው እሑድ ማስተዋልን እጅሽ ይባረክ ብዬ መረቅኋት። አንቺ ለሁሉም ጠላ ስትቀጂ የእኔን ብርጭቆ ዘለልሽው፤ ያውም በሰው ፊት። አንቺ ካልካስሽኝ ያን ቤት አልረግጥም።"

እውነት ነው፤ ስንዱ ዓይናቸውን እያየች ነው የዘለለችው። ያን ሁሉ ምርቃት ለማስተዋል ሲያዘንቡት ለእሷ አንዲት ጠብታ እንኳ አልደረሳትም ነበር።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ነገሩን በልቧ ታነበንበዋለች፦ እማማ አይሰጡም፣ ማስተዋል ካልመከረች፤ ማስተዋል አትመክርም፣ ይሄነው ካልለመነ፤ ይሄነው አይለምንም፣ ጋሼ ተሰማ ካላስታረቁ፤ ጋሼ ተሰማ አያስታርቁም፣ እኔ ካልካስኩ። እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልክስም።

በሩ ላይ ስትደርስ እማማን አየቻቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ሊነሱ ሲታገሉ፣ ከንፈራቸው አመድ መስሎ፣ ቀስ እያሉ ወደ መሬት ሲንሸራተቱ ደርሳ ያዘቻቸው። አልጋቸው ላይ አስተኝታ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ቀንቼ ነው" አለች ከበሩ ላይ ሆና። "እኔም እማማን ስጦር ኖሬአለሁ፤ የመረቀኝ ግን የለም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን አነሱ። "ስትጦሪያት እያየሁ አለማመስገኔ የእኔ ጥፋት ነው። ነይ፣ እንሂድ።"

ስንዱ ካሰች፣ ጋሼ ተሰማ አስታረቁ፤ ጋሼ ተሰማ አስታረቁ፣ ይሄነው ለመነ፤ ይሄነው ለመነ፣ ማስተዋል መከረች። "እማዬ፣ የእኔ መሣሪያ ድካምሽን አያውቀውም። ሂጂ" አለቻቸው። ማስተዋል መከረች፣ እማማም እሺ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የላቦራቶሪ ባለሙያው የእማማን ክንድ በጎማ አስሮ፣ ደም ሥሩን በጣቱ ፈልጎ፣ መርፌውን አነሳ። እማማ ፊታቸውን አዞሩና በሌላው እጃቸው አየሩን ዳበሱ። "ስንዱ የት አለች? እሷ ትያዘኝ። እሷ ከያዘችኝ አልፈራም።"

ስንዱ እጃቸውን ያዘች። ቀና ስትል ማስተዋልን አየቻት፤ ከንፈሯን ነክሳ በሩ ላይ ቆማለች። ያን ፊት ስንዱ ታውቀዋለች፤ ክረምቱን ሙሉ የራሷ ፊት ነበር። "ነይ፣ አንቺ ደግሞ ትከሻቸውን ደግፊልኝ" ብላ ጠጋ አለችላት። ደሙ ብልቃጡን ሞላ።

የእማማ ሕመም ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒትም ታዘዘላቸው። ስኳራቸው ማስተዋል እንዳለችው ደህና ነበር። ጎረቤት ውጤቱን ሲጠይቅ ስንዱ ይህችን የመጨረሻዋን፣ የስኳሯን ነገር ትታ ልታልፍ ዳዳት። ግን ተናገረቻት፤ ማስተዋል በምትሰማበት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።