ሞተሯ ለብቻ

አንድ ቀን፣ ዕቁብ በደረሰው ማግስት፣ የስፖርት መምህሩ ሙህዬ ደሴ ከተማ ውስጥ መኪና ፍለጋ ወጣ። መኪና ስላችሁ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስላችሁ። ሙህዬ የሚፈልገው ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ስታልፍ ሰው ሥራውን ትቶ ዞር ብሎ የሚያያት ስፖርት መኪና ነው። ይህን ምኞት ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲያስታምም ኖሮ ይኸው ዕድሜው አርባ ሁለት ሞላ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ይጨባበጣል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት የተመላለሰው እንዲያ ታጥፎ ነው። መምህራኑ «ያቺ መኪናህ ደህና ናት?» እያሉ ይቀልዱበታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ላም ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ሚስቱ ሉባባ ዕቁቡ በደረሰ ዕለት ፈገግ ብላ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው። እስከ እሁድ መኪናዋ ደጃፍ ላይ ከቆመች እሰየው፤ ካልቆመች ግን ሰኞ ጠዋት ብሩ ላም ይሆናል፣ ያውም የፈረንጅ ላም። የበረቱን ቦታም መርጣ ጨርሳለች። የመረጠችው ደግሞ ሙህዬ ለመኪናዋ ብሎ በእጁ የደለደለውን ቦታ ነው።

በእጁ ያለው አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ነው። በዚህ ብር ስፖርት መኪና ፈልጉልኝ ሲላቸው ደላሎቹ ፊቱ ላይ አልሳቁበትም፤ ዞር ብለው ነው የሳቁት። አንደኛው የወሰደው ጎኗ ላይ ነጭ መስመር ወደተቀባች አሮጌ መኪና ነበር። ስፖርቷ መስመሩ ብቻ ነው። ሌላኛው ያሳየው ወለሏ ተበልቶ ያለቀ፣ ከውስጥ ሆነው አስፋልቱን የሚያዩባት ነበረች። ሁሉም መኪኖች ደግሞ የሴት ናቸው፤ የነዳቻቸውም የዶክተር ሚስት ናት። ሙህዬ በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ የዶክተር ሚስት መኪና አየ። ከተማው ይህን ያህል ዶክተር ካለው እኛ ሐኪም አጣን እያልን ስንማረር የኖርነው ምን ነክቶን ነው ብሎ ተገረመ።

አርብ ዕለት ግን የጋሽ አራጋው ቀይ መኪና ለሽያጭ መቅረቧን ሰማ።

ጋሽ አራጋው ባለወፍጮ ናቸው። ሀብታም ናቸው፣ ቋጣሪ ናቸው፣ በዚያ ላይ የማያውቁት ነገር የለም። በየሳምንቱ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ እያስጠረጉ የተጣበቀውን ዱቄት ይሸጣሉ። እንግዳ ሲመጣባቸው «መቼም በልታችሁ ነው የመጣችሁት» ብለው ነው የሚቀበሉት። መኪና ሲነዱ ቁልቁለት ካገኙ ሞተሩን አጥፍተው ይንሸራተታሉ፤ ለምን ሲባሉም ብልህ ሰው አምላክ በነፃ በሰጠው ቁልቁለት ላይ ነዳጅ አያቃጥልም ይላሉ። ቀይዋን መኪና ከተማውን ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ኮንትራክተር ገዝተው ሦስት ዓመት ይዘዋታል።

ሙህዬ ሄዶ ሲያያት ልቡ ዘለለ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት ቆማለች። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር፣ ቀለሟ እንደ በሰለ በርበሬ የቀላ። ዙሪያዋን ሲዞር ግን ኋላዋ ላይ ዓይኑ ቀረ። ጋሽ አራጋው ውሃ ስለሚቆጥቡ መኪናዋ አቧራ ለብሳለች፤ አቧራው ላይ ደግሞ የእጅ መዳፎች በደንብ ታትመዋል። አራት ቀኝ፣ አራት ግራ፤ ስምንት እጅ።

የስፖርት መምህር የሰው አቋም ማንበብ ሥራው ነው። እነዚህ እጆች መኪናዋን ያደነቁ እጆች አይደሉም፤ የገፉ እጆች ናቸው። ሙህዬ ድንጋዩን አየ፣ ቁልቁለቱን አየና ነገሩ ገባው። ሞተሪኖዋ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ክፍል፣ ሞቷል። የምትነሳው ተንሸራትታ ነው፤ ቁልቁለት ከሌለ ደግሞ ተገፍታ። ይህ መኪና የሚገድል በሽታ አለመሆኑን ጋራዥ ያለው ጓደኛው ብዙ ጊዜ ነግሮታል፤ ሞተሪኖ ይቀየራል። እሱን የገደለው ጋሽ አራጋው የጠሩት ዋጋ ነው፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ።

ሙህዬ ስለ እጆቹም ስለ ድንጋዩም ትንፍሽ አላለም። ነገ ረፋድ ላይ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ባለው የጦይባ ሻይ ቤት ተገናኝተን እንጨርስ፣ ሻዩ በእኔ ነው አላቸው። ጋሽ አራጋው ሌላ ሰው የሚከፍልበትን ሻይ እምቢ ብለው አያውቁም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ እንዲሉ፣ ሁለቱም እየሳቁ ተለያዩ።

ቅዳሜ ጋሽ አራጋው መኪናዋን ቁልቁለቱን አስወርደው፣ እያጓራች፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ አቆሟት። እሳቸው ወረዱ፤ ሞተሩ ግን እንደበራ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፉት ሰውዬ ሜዳ ላይ ማጥፋት ጠሉ። ሙህዬ ምነው ሲላቸው ድምጿን እየሰማህ እንድትደራደር ብዬ ነው፣ እንዲህ ያለ ዜማ በየቀኑ አይገኝም አሉት። ሙህዬም እውነትዎን ነው፣ ታዚም አለና ሻይ አዘዘ።

ከዚያ አራት መቶ ሃምሳ ሺህ እሰጣለሁ አለ። ጋሽ አራጋው ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ስለ ስፖርት መኪና አመጣጥ፣ ስለ ጃፓኖች ብልሃት፣ መምህር መኪና ከሚገዛ ኳስ ቢገዛ እንደሚሻለው ለቤቱ ሁሉ አስረዱ። በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ መኪናዋ ቀሰሩ።

«ስማ መምህር፣ ያንተ ብር የሚገዛው ቆርቆሮዋን ነው። ቆርቆሮዋን በአራት መቶ ሃምሳ ውሰድ፣ አልጨቃጨቅህም። ሦስት መቶው የሞተሯ ነው። እሷን ለማስነሳት ሦስት ዓመት ሙሉ ከቁልፍ በቀር የነካት ነገር የለም።»

«ቆርቆሮዋ አራት መቶ ሃምሳ፣ ሞተሯ ሦስት መቶ» አለ ሙህዬ ቀስ ብሎ።

«በሰው ፊት ነው የተናገርኩት» አሉና ጋሽ አራጋው ወደ ባለሻይ ቤቷ ወደ ጦይባ ዞሩ። ጦይባም ሰምቻለሁ ስትል ራሷን ነቀነቀች።

ከዚህ በኋላ ሙህዬን የወሬ አባዜ ያዘው። ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። ስለ ጎማዋ ጠየቀ፣ ስለ መስተዋቷ ጠየቀ፣ ቀለሟ ፀሐይ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ሻዩን የሚጠጣው እንደ መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ ነው። መኪናዋ ደጅ ላይ ታጓራለች፣ ማርሚታዋ ጭስ ይተፋል፣ የጋሽ አራጋው ዓይን ከጭሱ ላይ አይነሳም። ቡፍ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ከውስጣቸው ይቀነሳል። ሙህዬ ሦስተኛ ሻይ አዘዘና፣ ለመሆኑ ጋሼ መኪናዋን እንዴት እንደገዟት ከመጀመሪያው ጀምረው ቢያጫውቱኝ አላቸው።

ጋሽ አራጋው ጀመሩ። ኮንትራክተሩ ማን እንደነበር ሳይናገሩ ጭሱ ቡፍ አለ። እንዴት ዋጋ እንዳስቀነሱት ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ ቡፍ አለ። ሰው ስንቱን ይችላል? ድንገት ተነሱና ጆሯችንም ይረፍ እንጂ ብለው ሄደው ሞተሩን አጠፉ።

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። የጦይባ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ተሰማ። ጋሽ አራጋው እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ያደረጉት ነገር ገባቸው። ፊታቸው መጀመሪያ መኪናዋን መሰለ፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤታቸውን ግድግዳ።

ሙህዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ጋሼ፣ አሳምነውኛል፣ አሁን በአንድ ቁልፍ ያስነሱልኝና ስለ ሦስት መቶው እንነጋገር አለ። እሳቸው ሞተሩ ሞቋል፣ ትንሽ ትረፍ አሉ። እሱም እሺ ትረፍ ብሎ ቆመ፤ የሯጭ ትዕግሥት አለው። ጋሽ አራጋው ሌላ ሰበብ ሲያጡ ገብተው በሩን ዘጉ። መስተዋቱን አስተካከሉ፣ መሪውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የጋሽ አራጋውን ግን ልማድ አወጣው።

ከሻይ ቤቱ ጎን ሁለት ጎሚስታዎች ጎማ ይጠግናሉ፣ ልብስ ሰፊው ሰይድ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፣ ዳቦ ጋጋሪው ይመር በሩ ላይ ቆሟል። እነዚህ አራት ሰዎች በሦስት ዓመት አንድ ነገር ተምረዋል፤ ጋሽ አራጋው ሜዳ ላይ መኪና ውስጥ ገብተው ድምፅ ካልተሰማ ሥራ አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ መኪናዋ የተሸጠች ዕለት ቁርጥ አበላችኋለሁ ብለዋቸዋል። ዛሬ ደግሞ ገዢው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠራቸው፣ ጎሚስታዎቹ ጎማውን ጣሉ፣ ሰይድ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሳ፣ ይመር ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ፣ አራቱም ቀጥ ብለው ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዱ። እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል። እጆቻቸውንም እዚያው አቧራው ላይ፣ በየመዳፋቸው ምልክት ላይ አሳረፉ።

ጋሽ አራጋው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ሂዱ፣ ሂዱ የሚል ምልክት አሳዩ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ግፉ ያሏቸው መሰላቸውና ሮጠው ወደ ፊት ዞሩ፤ አፍንጫዋን ይዘው ጎንበስ አሉ። ጋሽ አራጋው ጭራሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሙህዬ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ መስኮቱ ላይ ክንዱን አሳረፈና በትሕትና እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ በዋጋው ተስማምተናል። ቆርቆሮዋ የእርስዎ ናት፣ አራት መቶ ሃምሳውን ይኸው። የሞተሯ ባለቤቶች ግን እነዚህ ናቸው፤ ሦስት መቶውን ከእነሱ ጋር እጨርሳለሁ።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ብርጭቆውን እስኪደፋ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ሰይድ ግን እጁ መኪናዋ ላይ እንዳለ የምር የተጠየቀ መስሎት ጓደኞቹን በዓይኑ አማክሮ መለሰ።

«እኛማ በአንድ አንድ ሻይ እንስማማለን።»

ጋሽ አራጋው ወደ ጦይባ ዞሩ፣ ከእሷ እንኳ ምሕረት የሚገኝ መስሏቸው። ጦይባ በሰው ፊት ነው የተናገርኩት አላሉም ወይ፣ ሰዎቹ እኮ እኛ ነን አለቻቸው። ጋሽ አራጋው ከሰዓት በኋላ ይህ ወሬ ኮምቦልቻ እንደሚደርስ፣ ከዚያ ወዲያ በሰባት መቶም በሦስት መቶም የሚገዛቸው እንደማይኖር አሰቡ። ወርደው ሙህዬን ጨበጡት። ቁርጡን ነገር አላነሱም፤ የጠጡትን ሻይ ግን በአንተ ነው ብለሃል ብለው ማስታወሳቸው አልቀረም።

ውሉ ተጻፈ፣ ምስክር ፈረመ፣ መኪናዋ ተገፍታ ተነሳች። ሙህዬ የሞተሯን ባለቤቶች እቤቴ ድረስ ካልመጣችሁ አልከፍልም፣ ሻዩ እዚያ ነው ብሎ አራቱንም ጫናቸው። ሁለት በር ባላት መኪና አምስት ሰው እንዴት እንደገባ የሚያውቁት የገቡት ብቻ ናቸው። የሙህዬ ጉልበት እንደ ባጃጁ ጊዜ አገጩ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን አልተሰማውም። መኪናዋን እያስጓራ በከተማው መሃል ሲያልፍ ሰው ሥራውን ትቶ ዞር ብሎ አየው። ከተማሪነቱ ጀምሮ የጠበቃት ቀን ይህች ናት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ችግሩ የሙህዬ ቤት ዳገት ላይ መሆኑ ነው። መኪናዋ ዳገቱን እስከ ግማሽ ወጣችና፣ አምስት ሰው መሸከም ውሌ ውስጥ የለም ያለች ይመስል ጥፍት አለች። አራቱ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ወርደው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሙህዬ መሪውን እንደያዘ፣ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ በስምንት እጅ እየተገፋ ደጃፉ ደረሰ።

ሉባባ ጥሩምባውን ሰምታ ወጣች። ቀይዋን መኪና አየች፣ ላባቸው የሚንጠፈጠፈውን አራት ሰዎች አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያም ወገቧን ያዘችና፣

«ሙህዬ፣ ላሟ እኮ በእግሯ ትመጣ ነበር» አለችው።