ሰባቱ የምስክር ወረቀቶች

የማገዶ ሻጭ ልጅ ናት። በማትሪክ ከወረዳው አንደኛ ወጥታ ለሕክምና ኮሌጅ ቃለ መጠይቅ ተጠራች። የገባችው ግን አሥር ደቂቃ አርፍዳ ነው።

ዲኑ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ውጤትሽስ ደህና ነው። ግን ክበብ የለ፣ ስፖርት የለ! ከደብተር ሌላ ምን ታውቂያለሽ? ከአንቺ ቀጥሎ ያለው ልጅ የመጀመሪያ እርዳታ ክበብ ሊቀመንበር ነው፤ ሰባት የምስክር ወረቀት በፍሬም አስገብቶ ይዞ መጥቷል። ሐኪም የሚሆነው እንደሱ ያለው ነው። በይ ውጪና ጥሪልኝ!» አላት።

«እጠራዋለሁ ዶክተር፤ ግን ጥቂት ይታገሱት» አለች። «የዘበኛው ጣት ሲደማ አይቶ ራሱን ስቷል። ያረፈድኩት የዘበኛውን ጣት አስሬ፣ እሱን አስተኝቼ ነው። እግሩን ከፍ የማደርግበት ባጣ፣ የምስክር ወረቀቶቹን ከሥሩ ደረደርኩለት። ሰባቱም ጠቅመዋል።»