ያልተሰማው አንድም

በእኛ አገር ሰው ነገር ሳያልቅ ብድግ ሲል ሽማግሌዎች የሚጥሉበት አንዲት ቃል አለች። መነሻዋን ላልሰማ ስድብ ትመስላለች። እኔም ድሮ ትመስለኝ ነበር።

ደምለው የሚባል ጥላውን የማያምን ገበሬ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ጎተራ ስትገባ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። አንድ ክረምት ለልጁ ሠርግ ያሰበውን ስንዴ ዘራና ከቡቃያው መካከል እንክርዳድ አየ። "ይህን ማን ዘራብኝ?" እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ይኄይስ ከዋርካው ሥር የእንክርዳዱን ምሳሌ መተርጎም ጀመሩ። እንደ ልማዳቸው ትርጓሜውን "አንድም" እያሉ ይደራርባሉ።

"ሰው ተኝቶ ሳለ እንክርዳድ የዘራው ጠላት ሰይጣን ነው" አሉ። "አንድም፣ ጠላት ያለው የቅርብ ሰው ነው።"

ደምለው ይህን ሲሰማ፣ የኔታ ስም መጥራት ፈርተው በምሳሌ የጠቆሙት መሰለው። የቅርብ ሰው ደግሞ ከድንበርተኛው ከሞላልኝ ሌላ ማን አለ? ሊሄድ ሲነሳ አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ፣ አያ ጓንጉል፣ ጋቢውን ያዝ አደረጉት።

"ቁጭ በል እንጂ፤ ገና አላለቀም።"

"ለእኔ አልቋል" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ማሳው ገብቶ ይነቅል ጀመር። ስንዴና እንክርዳድ በቡቃያነታቸው እንደሚመሳሰሉ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ጥርጣሬ የገባው ሰው ግን የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ሞላልኝ ከድንበሩ ማዶ አየው።

"ደምለው፣ እስኪያሽት ተወው። አሁን ስንዴውንም አብረህ ትነቅላለህ።"

"አዎ፣ የዘራኸው እንዲያፈራልህ።"

ምክሩንም ማስረጃ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ያረፈበት ሁሉ እንክርዳድ ሆነበት። የነቀለውን ድንጋይ ላይ አድርቆ አቃጠለው። ማሳው ባዶውን ቀረ።

ከዚያ ሞላልኝን ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰው። ምስክር ብሎ የቆጠረው የኔታን ነው።

"የኔታ፣ ጠላት የቅርብ ሰው ነው አላሉም?"

"ብያለሁ። ከዚያስ ምን አልኩ?"

"ከዚያማ ወጣሁ።"

"ከዚያማ፣ 'አንድም፣ ለሰው ከሁሉ የሚቀርበው የገዛ ልቡ ነው' አልኩ። በምሳሌው የእርሻው ጌታ፣ 'እስከ መከር ተዉት፤ ስንዴውን አብራችሁ እንዳትነቅሉ' ማለቱንም ተናገርኩ። ሞላልኝ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ሰምቶ ነው የመከረህ።"

ትርንጎ ከሰዎቹ መካከል ወደ ፊት ወጣች። "ዘሩን ከገበያ ሲያመጣ ላበጥረው ስለው፣ 'ልትቀንሺልኝ ነው' ብሎ ነጠቀኝ" አለች። "እንክርዳዱ ከዚያው ከጆንያው ነው። አሁን ልጄን በምን ልዳራት?"

ደምለው አንገቱን ደፋ። ሞላልኝም ተከሶ ሳለ አዘነለት። ያን ጊዜ አያ ጓንጉል ያን እሑድ ይዘውት ደምለውን ሊያስቀሩበት ያልቻሉትን ጋቢ አየት አደረጉና፣ "አንድም ሳያልቅ የሄደ፣ ስንዴውን አብሮ ማገደ" አሉ።