ተገልብጦ የተያዘው ሉህ

ስሟን ባልናገር ቅር የማትሰኝ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ ጧሃ የሚባሉ አዛውንት ለሕፃናት የቁርኣን ፊደል ያስተምሩ ነበር። ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው። ልጁ ከአሊፍ እስከ ያ ያሉትን ሐርፎች ለይቶ ሲያውቅ ወደ ሌላ ሸህ ይሸጋገርና ቁርኣን ይጀምራል። ኋላም አድጎ «መምህሬ» እያለ የሚያወሳው ያንኛውን ነው። ሸህ ጧሃን ይህ ከፍቷቸው አያውቅም።

አሠራራቸው አዝጋሚ ነበር። ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሐርፎቹን ይጽፋሉ፤ አንድ ልጅ ብቻውን ፊታቸው ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሸሁ በስንደዶ ጫፍ አንዱን ከመሃል፣ አንዱን ከዳር እየነኩ «ይህስ?» ይላሉ። ልጁ እስኪያውቀው ድረስ አይቸኩሉም።

ከዚያ ባለቤታቸው ሐጅራ ወደ አኼራ ሄዱ። ልጅ አልነበራቸውም። ለቀስተኛው ሲበተን ሸሁ ባዶ ቤት ውስጥ ቀሩ፤ ዝምታውንም አልቻሉትም። ሌሊቱስ ይሁን፣ ጧት ልጆቹ መጥተው በጸጥታ ተራ መጠበቃቸው ራሱ ያስጨንቃቸው ጀመር። አንድ ቀን «ሁላችሁም አብራችሁ በሉ» አሏቸው። ሃያ ሕፃን ባንድ ድምፅ «አሊፍ! ባ! ታ!» ሲል ቤቱ ሞላ። ሸሁ እየመሩ፣ ልጆቹ እየተቀበሉ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ቆዩ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ተራ መጠበቅ ቀረ። ዓመት ይፈጅ የነበረውን ልጆቹ በሦስት ወር ጨረሱት ተባለ፤ ሰዉም በሸሁ በረካ ተደነቀ።

ይማም የሚባል የጨው ነጋዴ ነበር፤ እሱ ራሱ ማንበብ አያውቅም። የስድስት ዓመት ልጁ ሉባባ ፊደል ጨረሰች ተብሎ በግ አረደ፤ ጎረቤት ጠራ፤ ሸሁንም ከላይ አስቀመጠ። ሉባባ ሉሁን ይዛ ቆመችና ሃያ ስምንቱን ሐርፎች አንድ ሳትስት ተወጣቻቸው። እንግዶቹ «ማሻአላህ!» አሉ። ይማም አለቀሰ።

ሸህ ጧሃ ግን አንድ ነገር አዩ። ልጅቱ ሉሁን ገልብጣ ነበር የያዘችው። ዓይኗም ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ የእሳቸውን ከንፈር ነበር የምታየው። ከተቀመጠው ሰው መሃል የሚያነብ ስላልነበረ፣ ነገሩን ያወቁት እሳቸውና አላህ ብቻ ናቸው።

ቢናገሩ ሰው ልጁን ይወስዳል፤ ቤቱም እንደገና ጭር ይላል። ዝም ቢሉ ልጅቱ ሌላው ሸህ ዘንድ ሄዳ ደነዝ ትባላለች። ልጅቱ በሰው ፊት እንዳታፍር ብለው እንግዳው እስኪሄድ ጠበቁ።

«ልጄ ይማም፣ ሉባባ ሐርፍ አታውቅም» አሉት።

«ሸህዬ፣ አሁን እኮ ፊትዎ አለችው!»

«የያዘችው ድምፄን ነው። ሉሁን ገልብጣው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የይማም ፊት ጠቆረ። «ታዲያ ማን አወቀብን? ልጅ ናት፣ እያደር ትለምደዋለች። እርስዎስ በስተርጅና ስምዎን ለምን ያጠፋሉ?»

ሸሁ ጁሙዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ግን መስጊድ ውስጥ ተነስተው ቆሙ። «ሐጅራ ከሞተች ወዲህ ያስተማርኳቸው ልጆች ሐርፍ አይለዩም» አሉ። «ቤቴ ጭር ሲልብኝ ማስተማሬን ትቼ ማስጮህ ያዝኩ። አማናችሁን፣ አደራችሁን በልቻለሁ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። መልሳችሁ ላኩልኝና አንድ በአንድ ላስተምራቸው።»

ጀማዓው «አላህ አውፍ ይበልዎ» አለ። በነጋታው ግን ልጅ የላከ አልነበረም። ሐዘን ናላቸውን አዙሮታል ያለም ነበር። የመጣችው ሉባባ ብቻ ናት፤ ይማም እንደተቆጣ አጥሩ ድረስ አድርሷት ተመለሰ።

ሃያ ልጅ ይቀመጥበት የነበረው ግቢ አንዲት ሕፃን ቀረችው። ሸሁ ስንደዶውን አነሱ። «ይህስ?» ሉባባ ቀና ብላ አፋቸውን አየች። በጥምጣማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑና ጠበቁ። ዝምታው ረዘመ። አብረው ቢጮሁ ምን ያህል ደስ ባላቸው! አላደረጉትም። በዘጠነኛው ቀን ሉባባ ራሷ ጣቷን ሉሁ ላይ አሳርፋ «ይቺ ሆዷ ውስጥ ነጥብ ያላት ጂም ናት!» አለች። ሸሁ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ።

ከወራት በኋላ ሐርፉ ሁሉ ተጠናቀቀ። ይማም ሊወስዳት ሲመጣ ቁጣው በርዶለት ነበር፤ ባዶውን ግቢም ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ሸህዬ፣ ትንሽ ጊዜ ትቆይልዎ። ብቻዎን ሆኑ እኮ።»

«ፊደል የሚያስተምር ሰው» አሉት፣ «ልጁ ከሱ እንዲሄድ ነው የሚያስተምረው።»

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር «ከዚያስ ልጆቹ ተመለሱ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልተመለሱም። ከይማም ልጅ በኋላ ያ ግቢ ብዙ ሰው አላየም። እኛ አጅሩ አላህ ዘንድ ነው እያልን፣ ምንዳውን እዚሁ፣ በቶሎ፣ ሰው እያየልን እንፈልገዋለን። እኔም ተፈላጊ መሆን እወዳለሁ፤ ልጆቼ ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ሲወስኑ ቅር ይለኛል፤ ስሙንም ፍቅር ብዬዋለሁ። ሸህ ጧሃ ብቸኝነትን የሚወዱ ሰው አልነበሩም። እጅግ ይፈሩት ነበር፤ እየፈሩት ነው ልጅቱን እስከ አጥሩ የሸኟት።