በስክሪኑ መሃል የወጣችው ፀሐይ

አንድ ጊዜ፣ ኮምፒውተር ጫካ ድረስ በገባበት ዘመን፣ እትዬ አህዪት የውርንጭሎች በረት ጠባቂ ነበረች። በረቱ ከጥበቃ ቤቱ ራቅ ስለሚል የምታየው በካሜራ፣ በስክሪን ላይ ነው። የራሷም ልጅ እዚያው ውስጥ አለ።

አያ ጅቦ በየቀኑ ሊጠይቃት ይመጣል፤ ያውም እያነከሰ! ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል አይደል? አህዪት ደግሞ ጨዋ ናት፤ ታላቅ ሲመጣ ጆሮዋ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳለች። እሷ ስታጎነብስ እሱ የስክሪኑን ብርሃን የሚቀንሰውን ቁልፍ ጠቅ ያደርጋል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ስክሪኑን አጨለመው።

«አያ ጅቦ፣ ልጄ አልታየኝ አለ!» አለች አንድ ቀን።

«እኔን! ዐይንሽ ደክሟል እኮ፣ እህቴ። ነገ አያ አንበሶ ሲመጡ ጥበቃውን ለእኔ አስረክቢና ዕረፊ።»

አህዪት አመነችው። ልጇን ስታስብ ግን ሆዷ እንቢ አላት፤ እያለቀሰች ኮምፒውተር ጠጋኟ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«እስቲ፣ እጄ ላይ ያለችው ጉንዳን ወዴት እየሄደች ነው?» አለቻት ቀበሮ።

«ወደ ክርንሽ።»

«ታዲያ ዐይንሽ ምን ሆነ? የጨለመው ስክሪኑ ነው፤ የሚያጨልመውም ጥበቃውን የፈለገው ጅቦ ነው። ብርሃኑን ዛሬ ብመልሰው ነገ ይቀንሰዋል። ሌባው በገዛ እጁ ይያዝ!»

ቀበሮ ጥበቃ ቤቱ ድረስ መጥታ በስክሪኑ ላይ የሚከፈቱትን መስኮቶች የሚደረድረውን ፕሮግራም ከፍታ አንዲት ትንሽ ፀሐይ ጨመረችበት፤ ብርሃኑ ሲነካ ብቅ የምትል፣ ሲቀንስ የምታንስ፣ ሲጨምር የምትተልቅ። «ነገም እንደ ወትሮሽ እጅ ንሺ» አለቻት።

በማግስቱ በቀትር አያ አንበሶ ሹማምንቱን አስከትሎ ጥበቃ ቤቱ ገባ፤ ጅቦና ቀበሮም እዚያው ነበሩ። አህዪት አጎነበሰች። ጅቦ ስስቱ አላስችል አለውና ጨርሶ ሊያጨልመው ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነው። ፀሐይቱ ብቅ አለች፤ አነሰች፤ አሁንም አነሰች።

«ያቺ ፀሐይ ምን ሆና ነው የምታንሰው?» አለ አንበሶ።

ጅቦ መዳፉን ከቁልፉ ሳያነሳ፣ «እየመሸ ነዋ፣ ጌታዬ!» አለ።

«በቀትር?»

ቀበሮ ብድግ ብላ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመረችው። ስክሪኑ ቦግ አለ። በበረቱ አጥር ሥር የጅቦ ወንድሞች አድፍጠዋል! የአህዪት ልጅ ምንም ሳያውቅ እዚያው አጠገባቸው ሣር ይግጣል።

«ልጄን!» ብላ አናፋች። አንበሶ ዘሎ ወጥቶ ሲያገሳ ጫካው ተናወጠ፤ አድፋጮቹም ተበታተኑ። አያ ጅቦም እግሬ አውጪኝ አለ፤ ያን ዕለት አላነከሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዐይኔ ደከመ ብለን እጅ ከመስጠታችን በፊት ብርሃኑን ማን እንደቀነሰው ማየት እንዳለብን ነው።