ጋማውን በቢጎዲ የጠቀለለው ጅብ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ሴት ልጁን ሊድር ድግስ ደገሰና አጋፋሪ አጣ። እንግዳውን የሚያስገባ፣ የሚያስቀምጥ፣ ሥጋው ለሁሉም መድረሱን የሚያይ ማለት ነው። «ደጄ ላይ የሚቆመው ጸጉሩ የተሠራ ይሁን፤ ጨብራራ አላቆምም» ብሎ አስነገረ። ጸጉር የሚወድ ጌታ ነው፤ ምን ይደረግ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። አጋፋሪ የሚውለው ከሥጋው አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ሹመት አለ? ችግሩ ጋማው ነበር። የጅብ ጋማ መቼም ታውቁታላችሁ፣ የተቀደደ ሰሌን ነው የሚመስለው። ስለዚህ ወደ እመት ቀበሮ ሄደ።

ቀበሮ ከከተማ ዳር፣ ከአንድ የውበት ሳሎን ጓሮ፣ አንድ ካርቶን ቢጎዲ አግኝታ ነበር፤ ያ ሴቶች ጸጉራቸውን የሚጠቀልሉበት፣ ሆዱ ውስጥ ሰም ያለበት፣ በፈላ ውሃ የሚሞቀው።

«እስቲ አውሺኝ፣ እመት ቀበሮ» አላት።

«ለምን አላውስህም። ግን እወቅበት። ወፍራሙ ጸጉሩን ዘንፈል ያደርገዋል፣ ቀጭኑ ጥቅልል ጥቅልል ያደርገዋል። ያንተ ጋማ አጭር ነው፤ ከመካከለኛው ጥቂት ይበቃሃል። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል።»

«ይቀቀላል?»

«ይቀቀላል።»

«እንግዲህ ከተቀቀለ...»

«አይበላም፣ አያ ጅቦ።»

ጅቦ ቅር አለው።

«ጋማህ ደረቅ ይሁን» ብላ ቀጠለች ቀበሮ። «ከጫፉ ጀምረህ ጠቅልል። ከዚያ ዋናው ነገር መጠበቅ ነው። እስኪበርድ አትነካካው፤ በትኩሱ ከሳብከው ጸጉሩን ይዞት ይመጣል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል ሰምተሃል መቼም።»

«ሰምቻለሁ። አጎቴ ናቸው» አለ ጅቦ። «ቅቤስ?»

ቀበሮ ቅቤ በትኩስ ቢጎዲ ላይ ምን እንደሚሆን አሳምራ ታውቃለች። አጋፋሪነቱን ደግሞ እሷም አልጠላችውም።

«እኔ የአባት የእናትህን ወግ ተው አልልህም» አለችና ጥቂት ቢጎዲ ለራሷ አስቀርታ ካርቶኑን ሰጠችው።

ጅቦ ቤቱ ገብቶ አሰበ። ጥቂት ይበቃሃል ያለችው ምቀኝነት ነው፤ በጥቂቱ የሚያምር በሁሉም እንዴት ያምር ይሆን? ካርቶኑን እንዳለ ድስቱ ውስጥ ገለበጠው። ደረቅ ይሁን ያለችውንም ተወው፤ ቅቤ ሳይቀባ ሠርግ የሚሄድ ማን አለ? ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ለጋ ቅቤ መረገበት። ከዚያም ትኩስ ትኩሱን እያወጣ፣ እፍ እፍ እያለ፣ ጀርባውን በሙሉ ጠቀለለ። ሲጨርስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ።

ብዙም አልቆየም። ቅቤው ቀለጠ፣ ጸጉሩም አብሮ ተቁላላ። ደስ የሚል ሽታ ቤቱን ሞላው።

«አንድ ቦታ ሥጋ እየተጠበሰ ነው» አለ ጅቦ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ብድግ ብሎ ወጣ። ሽታው አብሮት ወጣ። ወንዙን ቢሻገር ሽታው እዚያም አለ። ዞሮ ቢመለስ እዚያም አለ። ይሄ ሥጋ ምን ዓይነት እግር ቢኖረው ነው አለ በልቡ። በመጨረሻ አህያ ቤት ደርሶ በሩን ቆረቆረ።

«ወይዘሮ አህያ፣ ምን እየጠበስሽ ነው?»

አህያ መወርወሪያውን አጥብቃ ከውስጥ መለሰች። «እኔ የምበላው ሣር ነው። ሽታው የመጣው አንተ ስትመጣ ነው። ይልቅስ በቀዳዳው ሳይህ ጀርባህ ይጨሳል።»

ጅቦ አንገቱን ጠምዝዞ አንዱን ቢጎዲ ነክሶ ሳበው። ገና ትኩስ ነበርና ጸጉሩ ተነቅሎ አብሮ መጣ። አመመው፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ቅቤ የጠገበ ነገር ነው፣ ትኩስ ነው፣ አፉም ውስጥ ገብቷል። ዋጠው። «አንዱ ቢቀንስ ማን ያይብኛል» አለና ቀጣዩን ሳበ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረውም።

በሠርጉ ጠዋት አያ አንበሶ ደጁ ላይ ቆሞ አጋፋሪ ይመርጣል። ቀበሮ ጅራቷን ዘንፈል አድርጋ ቀረበች። ጅቦ ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ተመልጦ ከኋላዋ ቆመ።

«ጋማህስ?» አለው አንበሶ።

ጅቦ ውሸት ፈለገ፤ አልመጣለትም። «በላሁት፣ ጌታዬ።»

«ቢጎዲዬስ?» አለች ቀበሮ።

«እሱንም።»

አንበሶ ዞሮ የጅቦን ጀርባ አየ።

«የገዛ ጋማውን ያልማረ የእንግዶቼን ሥጋ ይምራል?» አለና ቀበሮን በሩ ላይ አቆማት። ጅቦ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ሥጋው በትሪ በትሪ ሲያልፍ አየ። የዚያን ቀን ነፋስ ነበርና ጀርባውን በረደው፤ አለቀሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ እስኪበርድ መታገሥ ያቃተው ሰው ጌጡንም ሹመቱንም በገዛ አፉ እንደሚበላ ነው።